ከማዋለጃ ክፍል ወደ ልብስ ማጠቢያ ስላደረጉልኝ ዝውውር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና ወንበርዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ በምርጫው የሌላ ፓርቲ ዕጩ ሆኜ በመወዳደሬ ከማዋለጃ ክፍል አንሥተው ወደ ልብስ ማጠቢያ ከላኩኝ ወዲህ፣ እጄ በሳሙና ከመላጡ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎም ምስጋናዬ በቢሮ ተወስኖ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ለአራስ ሕፃናት ስላሳዩት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። በእኔ እጅ የተወለደ ልጅ እትብቱ ሳይቆረጥ ተቃዋሚ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል ማን አስቦት ያውቃል? እኔ ሞኟ ሲወለዱ የሚጮኹት ብርድ ነክቷቸው ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሠራተኛን በፖለቲካ አመለካከቱ ማግለል የሚከለክለውን ሕግ በስብሰባ አዳራሹ ቆመው በዚያ በሚያምር ድምፅዎ ስላነበቡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ስንወጣ የዝውውር ደብዳቤዬን በር ላይ ሲሰጡኝ መዳፌ ከጭብጨባው ገና አልበረደም ነበር።

ሦስተኛ፣ የአምቡላንስ ሹፌር የሆነውን ባለቤቴን ቢሮዎ ጠርተው እንዲመክረኝ ስላዘዙት እግዜር ይስጥልኝ። ምስኪኑ ድምፁን የሰጠው ለእርስዎ ፓርቲ ነው፤ ያውም ተፎካካሪዋ ዕጩ እኔ ሆኜ! በዚህ ተኮራርፈን ሰንብተን ነበር፤ አሁን እርስዎን አብረን ስናማ ታርቀናል።

አራተኛው ቀልድ የለበትም። በሥራዬ አንድም ስሕተት አላገኙብኝም። አንሶላ ልሰበስብ በማዋለጃው በር ሳልፍ የምታምጥ ሴት ድምፅ እሰማለሁ፤ እግሬ ወደዚያ ሲሄድብኝ እየመለስኩ እንደ ልጅ አለቅሳለሁ። ሥራዬን ይመልሱልኝ። እስከዚያው ክሴን ለሥራ ክርክር ችሎት አቅርቤአለሁ።

የቢሮዎን መጋረጃ በልዩ ክብካቤ የማጥበው፣ ጉድፍ እንዳይነካዎ ሌት ተቀን የምመኘው፣
አዋላጇ፣ ለጊዜው አጣቢዋ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ምራትዎ ምጥ ሲያጣድፋት ተረኛዋ ሌላ እናት ይዛ ስለነበር፣ የልብስ ማጠቢያ ሽርጤን እንደታጠቅሁ ያዋለድኳት እኔ ነኝ፤ ፓርቲዬንም አልጠየቀችኝም። አሁን፣ ለምን እንዳነሡኝ ቤትዎ ምሳ ላይ የተናገሩትን ለችሎቱ ልትመሰክርልኝ ፈቅዳለች። ጠበቃዎ በጥያቄ ሊያስጨንቃት ካሰበ ግን ቀድሞ ከልጅዎ ጋር ቢነጋገር ይሻለዋል፤ ሁለተኛው ምስክሬ እሱ ነው።