ሳሮን ቢዝነስ ገባች

ጌቾዬ፣

ከተለየኸን ዓመት አለፈ። ቤቱ እንደተውከው አይደለም። መኪናህን ልጃችን ሳሮን ትነዳዋለች፤ ወንበሩን ለራሷ ቁመት ወደ ፊት የሳበችው ዕለት አለቀስኩ። ወንድምህ ተስፋዬ ደግሞ ደጃችንን መርገጥ ትቷል። ምክንያቱን ልንገርህ።

ሙት ዓመትህን እዚሁ ሰው አገር፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አወጣን። ዘመድ እየበላ ሳለ የሳሮን ዩኒቨርሲቲ መግባት ተነሳ። ምን ልታጠኚ ነው ሲሏት "እንደ ዳዲ ኢኮኖሚክስ" አለች። ተስፋዬ፣ ስኔልቪል ያለው ትልቅ ቤቱ ምላሱን አስረዝሞለት፣ "ኢኮኖሚክስ አባትሽን የት አደረሰው? ኢስት ፖይንት የመንገደኛ ሻትል ሲነዳ አይደል የሞተው? ቢዝነስ ግቢና ሥራ ያዢ!" አላት። ሰው ሁሉ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ።

"በወንድምህ ተዝካር እየበላህ ወንድምህን አታዋርድ!" አልኩት። ጥሎን ወጣ።

ያንገበገበኝ ግን እሱ አይደለም። ቤት ደርሰን ሳሮን መኪናውን ፓርክ ካደረገች በኋላ ሳትወርድ ቆየች። "ማሚ፣ አንክል ተስፋዬ ልክ ነው" አለችኝ። "ዳዲ በኢኮኖሚክስ ዲግሪው ስንት ቦታ ሥራ አፕላይ አድርጎ ማንም ሳይጠራው ሲቀር አይቻለሁ። እኔ እንደሱ መጠበቅ አልችልም።"

ሐዘንህን ከእሷ የደበቅን መስሎን ነበር እኮ።

ዶራቪል ገበያ ስንሄድ ትዝ ይልሃል? የእንቁላል ዋጋ ለምን እንደጨመረ ልታስረዳት መንገድ ዘግተህ ትቆማለህ፤ ሰው በጋሪው እየገፋህ ያልፋል፤ አንተ ግን አይሰማህም። ፊትህ እንደዚያ ሲበራ ሌላ ቦታ አላየሁም። "የምትወጂውን ተማሪ" ያልካት አንተ ነህ። ይህን ብለህ ሄድክ፤ ተምራ ሥራ ታገኛለች ወይ ለሚለው መልሱን በእኔ ላይ ጥለህ። እኔም በስምህ "ኢኮኖሚክስ ተማሪ" ልላት አልቻልኩም። ሥራ ያጣች ቀን ከመቃብር ተነስተህ አትደግፋትም።

ባለፈው ሳምንት ቢዝነስ ተመዘገበች። ደስ ብሏት አይደለም። እልልም አላልኩ፣ ተይም አላልኩ። አሁን ገበያ አብረን ስንሄድ ስለ ዋጋ አንዲት ቃል አትተነፍስም፤ ከፍለን እንወጣለን።

አንተን ግን አልረሳህም፣ ጌቾዬ። ባልሽ ምን ነበር ሲሉኝ፣ ሹፌር ነበር፣ ኢኮኖሚስትም ነበር እላለሁ። ሁለተኛውን ይህች አገር አላየችውም። እኔ አይቻለሁ።

ባለቤትህ