ፓስፖርቱ ደብተሬ ውስጥ ነው

ግሬስ፣
«እማማ አኬሎ፣ የፌበን ፓስፖርት የት ገባ?» ብለሽ ትናንት ስትጠይቂኝ ወደ ዶሮዎቹ ሄድኩ።
አልጋዬ ላይ ባለው የፊደል ደብተሬ ሽፋን ውስጥ ነው። የምትሄዱበት ቬትናም ሩቅ ነው ብዬ ፈርቼ ደበቅኩት።

ባጃጁ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል።
የደረቀውን አሳ በሁለት ላስቲክ ጠቅልዬላችኋለሁ። ሻንጣው ይሸት ይሆናል፣ ቻሉት።
ከመውጣታችሁ በፊት ለዶሮዎቹ በቆሎ በትኚላቸው።

ለልጄ ለፌበን አንቺ ንገሪልኝ። እኔ ፊቷን ለማየት አፍሬ አቦቦ ከተማ እህቴ ጋ ሄጃለሁ፤ ማታ እመለሳለሁ።

እዚያ ለልጆቹ እንግሊዝኛ ስታስተምሩ፣ እኔን ፊደል እንዳስተማርሽኝ ቀስ በሉ፤ አትቆጧቸው። ዓመቱ አልቆ አገር ለአገር ስትዞሩ ደግሞ በትልልቁ ጻፉልኝ። ራሴ አነበዋለሁ።

እናንተ ዛሬ ትሄዳላችሁ። እኔና ዶሮዎቹ እንቀራለን።