መርፌ በጓሮ በር

ሰኞ፣ ጁን 3

ማለዳ እርድ ወቀጥኩ፣ ዝንጅብል ጨመቅኩ። ስምንት ጠርሙስ በቅርጫት አዝዬ ዞርኩ። የዕፅ መድኃኒት መሸጥ ከጀመርኩ ሠላሳ አንድ ዓመት። ቀኝ ጉልበቴ አብጧል። ሽርጡ ይሸፍነዋል። አልሐምዱሊላህ ለሽርጥ።

ደንበኛዬ አባባ ጊሚን፣ በእኛ አጠራር ፓክ ጊሚን፣ ደጃፉ ላይ ነበር። ወገቡን የጨረሰው የሩዝ ማሳ ነው። ሚስቱ ሱጂያህ ብርጭቆ አጥባ አቀበለችኝ።

"ቡ ሙርቲኒ፣ አንቺን ጉልበትሽን የማያምሽ ለምንድን ነው?" አለኝ።

"የራሴን ስለምጠጣ።"

መጠጣቱ እውነት ነው። አለማመሙ ውሸት።

ረቡዕ፣ ጁን 5

ሱዊግኞ ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ የወጣ ነርስ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ቤቱ ውስጥ መርፌ ይወጋል። በጓሮ በር ገባሁ። የዕፅ መድኃኒት ሻጭ ራሷ መርፌ ስትወጋ ከታየች... ማን ይገዛታል?

"ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"የለም።"

ቀኑን ሙሉ "መድኃኒት፣ መድኃኒት" እያልኩ ስጣራ የምውል ሴት።

ዳይክሎፌናክ የሚሉትን የሕመም ማስታገሻ ወጋኝ። ከሰዓት በኋላ ዳገቱን እንደ ኮረዳ ወጣሁት።

እሑድ፣ ጁን 9

እንደ ልማዴ ከገበያ ሃያ ፓኬት የሕመም ዱቄት ገዛሁ። ጎሽ ተስሎበታል። "ንጹሕ ዕፅ" ይላል፤ ማን እንደሠራው አይልም። ለባሰበት ሰው አንዱን ከእርዱ ጋር እበጠብጥለታለሁ፣ በሩብ ሰዓት ያስነሳዋል። ፓክ ጊሚን በቀን ሁለት ይጠጣል። እኔ አንድ። ከመርፌ እስከ መርፌ መሻገሪያ ትሆነኛለች።

ዓርብ፣ ጁን 14

ሁለተኛው መርፌ። ሱዊግኞ ፊቱን አጠቆረ።

"ቶሎ መጡ እኮ። ሆድዎን ያቃጥልዎታል? ሰገራዎ አልጠቆረም?"

ስለ ሰገራዬ ምን አገባው? ደህና ነኝ አልኩት። ያቃጥለኛል። በርበሬው ይሆናል።

ጎረቤቶች ፊትሽ ሞላ፣ አማረብሽ አሉኝ። ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጁን 20

ሰገራዬ ጠቆረ። ትናንት ጥቁር ሩዝ በልቻለሁ... እሱ ይሆን? ጉድጓዱ ጋ ውኃ ስቀዳ ዓይኔ ጨለመ፣ ተቀመጥኩ።

ዓርብ፣ ጁን 21

ሆስፒታል። ልጄ ውርያኒ በሞተር አመጣችኝ። ጨጓራዬ ቆስሎ ደም ፈሷል። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ውርያኒ ከቦርሳዬ ያወጣችውን ፓኬት አገላብጣ አየችው።

"ይሄ ዕፅ ብቻ ቢሆን በሩብ ሰዓት ያስነሳዎታል እማማ?"

"ጥሩ ዕፅ ነው።"

"እብጠት የሚያጠፋ ኪኒን ፈጭተው እየጨመሩበት ነው። ፊትዎን የነፋውም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየሳምንቱ ይመጣብኛል። ከመርፌው ጋር ሲደራረብ ጨጓራ ይበሳል። ሌላ ሰው ይጠጣዋል?"

"እኔ ብቻ ነኝ" አልኩ።

ለምን እንዲህ አልኩ? ፈርቼ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የገነባሁት ስም...

እሑድ፣ ጁን 23

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ይጻፍ። አፍሬበታለሁ።

ዛሬ አስወጡኝ። ውርያኒን ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፓክ ጊሚን ንጂ አልኳት። ፊቱ እንደ ሻማ ነጥቷል።

"ቅርጫትሽስ?"

"ዱቄቱ ውስጥ የኪኒን ዱቄት አለበት። እኔንም ሊገድለኝ ነበር።"

"ታዲያ እኔን ጠቅሞኛል።"

"ጉልበቴ ያመኛል ፓክ ጊሚን። ሱዊግኞ ጋ በጓሮ በር እየገባሁ እወጋ ነበር።"

ወገቡን ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

"እኔ በፊት በር ነው የምገባው" አለ። "የወገቤን ይወጋኛል።"

እሱም ለሱዊግኞ ስለ እኔ ዱቄት አልነገረውም። የእርድ ውኃ ምን ይወራለታል ብሎ። ሰገራው ጠቁሮ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሱጂያህ ከውስጥ መለሰችልኝ፤ "ሳምንት ሆነው።"

ውርያኒ በሞተሩ ወደ ሆስፒታል ይዛው ሄደች። እኔ ከሱጂያህ ጋር ቀረሁ።

ማክሰኞ፣ ጁን 25

ሁለት ከረጢት ደም ሰጡት። ተርፏል። ለሐኪሟ የደንበኞቼን ስም በሙሉ አጻፍኩላት፤ አሥራ አራት ቤት። የቀረውን ፓኬት አስረከብኩ። ከዚያ እያነከስኩ በየቤቱ ዞርኩ። አንዷ በሯን ዘጋችብኝ። አልፈርድባትም።

ለሱዊግኞም በፊት በር ገብቼ ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። "ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ" አለ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 10

ከአሥራ አራቱ ቤት አምስት ቀረ። ሦስት ጠርሙስ ብቻ ይዤ ወጣሁ። ጉልበቴ ያመኛል። ለጠየቀኝ ሁሉ ያመኛል እላለሁ።

የፓክ ጊሚንን በር ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። ሱጂያህ ጠራችኝ።

"ውስጡ ምን አለበት?"

"እርድ፣ ሁመር፣ ትንሽ ጨው።"

"ሌላ?"

"ሌላ የለም።"

አንድ ብርጭቆ ቀዳሁላት። ወደ እኔ መለሰችው።

"አንቺ ጠጪ።"

ጠጣሁ። ባዶውን ብርጭቆ ተቀብላኝ ቆመች፣ ፊት ለፊቴ፣ ዓይኔን እያየች። ፀሐይ ላይ ነበርን። እኔም ቆምኩ፤ ጉልበቴ እየጠዘጠዘኝ። መቀመጥ አልፈለግኩም። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ጉልበቴ አልተሻለውም፤ ያኔ ብርጭቆውን አጥባ ዘረጋችልኝ።

"ለሱ ቅጂለት" አለች። "ነገም ቀድመሽ የምትጠጪው አንቺ ነሽ።"