ጣፋጭ ያልነው ውኃ

እትዬ፣ ይህች ወረቀት ደጅዎ ስትደርስ በጤና ታግኝዎት። ጉልበትዎስ እንዴት ሰነበተ? ደረጃ ሲወጡ እያረፉ ነው ወይስ እንደ ልማድዎ ማንም አይቅደመኝ ብለው ይሮጣሉ? ልጅዎስ፣ ባለቤቷስ፣ ያቺ እንቅልፍ የማታውቀው የልጅ ልጅዎስ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው፤ የቀረውን እያነበቡ ይደርሱበታል።

ጽሕፈቴ ከተንጋደደ አይፍረዱብኝ። ቁጭ ብዬ መጻፍ አቅቶኛል። አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ተነስቼ ማንቆርቆሪያውን አያለሁ፣ እመለሳለሁ፤ ደግሞ ወንድምዎ ከታች ከዳቦ ቤቱ የመጣ ይመስለኝና ወረቀቱን የሰሃን ፎጣ ሥር እሸጉጣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ በድብቅ እንደምትጽፍ ኮረዳ ሆኛለሁ፤ ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም።

እትዬ፣ ከሄዱ ወዲህ በቤታችን ስምዎ አይጠራም። ወንድምዎ ሲያነሳዎት «ያቺ» ነው የሚለው፤ እኔም ማን ብዬ አልጠይቅም። ወንበርዎን ግን ማንም እንዲቀመጥበት አይፈቅድም። በቀደም አንድ ደንበኛ ሊያርፍበት ሲል ዱቄት ነክቶታል ብሎ አስነሳው። ዱቄት የለበትም፤ ጠዋት ጠዋት እሱ ራሱ ነው የሚወለውለው። ይህን የምነግርዎት በቂም የተቀመጠ እንዳይመስልዎት ነው።

ያን ቀን መቼም አይረሱትም። ደንበኛ ተሰልፎ ሳለ ባንኮኒው ላይ ዳቦ ቆርሰው አኘኩና «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እርስዎ ቀልድዎን ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያው ነው የሚያናግሩት። እሱ ግን እጁ ሊጥ እንደያዘ ፊቱ ጠቆረና «የሞተው ያንቺ ምላስ ነው!» አለ። አባታችሁ ለሁለታችሁ በተዉት ዳቦ ቤት ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ እንዲህ መባሉን አልቻሉትም። ቦርሳዎን እንኳ ሳይዙ ወጡ። ቦርሳው እኔ ዘንድ አለ። ውስጡን አላየሁም፤ ሳነሳው የመነጽርዎ ቤት ይንኳኳል።

እኔም ያን ቀን ለእሱ ነበር የወገንኩት። ሐኪሜ ለስኳሬ ብሎ ዳቦ ከከለከለኝ ስንት ዘመኑ! የዳቦ ጋጋሪ ሚስት ሆኜ የባሌን ዳቦ የማልቀምስ እኔ ብቻ ነኝ። እሱ ደህና ነው ካለ ደህና ነው አልኩ። ምን አውቄ?

ይልቅ ስለ ውኃው ልንገርዎ። ይህ ደብዳቤ ስለ ውኃ ነው፤ ስለ ሌላ ነገር አይደለም። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ አስረዳዎታለሁ።

ልጃችን ያመጣውን ማጣሪያ ያስታውሳሉ፤ ያንን ከማጠቢያው ሥር ቁም ሳጥን ውስጥ የገባውን፣ እርስዎ «ይሄ ደግሞ የታረደ በግ ሆድ ዕቃ ይመስላል» ያሉትን። የቧንቧው ውኃ ማንቆርቆሪያውን ነጭ ቅርፊት እያለበሰ ስላስቸገረን ነበር። ቅርፊቱስ ጠፋ። ጣዕሙም አብሮት ጠፋ። ጥርት ያለ ውኃ ነው፣ ግን አፍ ውስጥ ገብቶ አንዳች ሳይል ይወርዳል። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ወንድምዎ በዚህ ውኃ ላይ ተነሳበት። «ይሄ ውኃ ሳይሆን የውኃ እጣቢ ነው! አፌን ያደነዘዘው እሱ ነው፤ የእህቴንም ምላስ ያበላሸው እሱ ነው» ይላል። ይህን የሚለው ምግቡ ላይ ጨው እየነሰነሰ፣ ሻዩ ላይ ስኳር እየደራረበ ነው። እኔ ደግሞ እጄ ከዳኝ፣ አረጀሁ፣ ምግብ ማጣፈጥ ተሳነኝ እያልኩ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። የአብዬን ወደ እምዬ ይሏል ይሄ ነው።

ታዲያ ያንን ቧንቧ ሠሪ አስጠራው፤ እሱ የጠገነው ሁሉ ጠብ ጠብ ማለት ስለማይተው ሰፈሩ «ጠብታ» የሚለውን። ጠብታ ጭንቅላቱን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ሲያበቃ ማሽኑ መጥፎውንም ደጉንም አንድ ላይ ነው የሚጠርገው አለን። «ካልሲየሙን በሉት፣ ማግኒዥየሙን በሉት፣ ሙልጭ! መፍትሔው የወጣውን ማዕድን መመለስ ነው።» ከዚያ እንደ ሕፃን ጡጦ የወፈረች ነጭ ቱቦ አመጣ። ውስጧ ነጫጭ ጠጠር ነው። ውኃው በጠጠሩ መሃል ሲያልፍ ማዕድኑን እየላሰ ይወጣል ይላል። ወንድምዎ ቱቦዋን ተቀብሎ ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቃት። ፊቱን ቢያዩት! ልጅ የወለደ ይመስል ነበር። ለአንዲት ጠጠር ለታጨቀባት ቱቦ እንዲህ ሲጓጓ አይቼ ሳቅሁበት። ያኔ አልገባኝም፣ እትዬ። አሁን ትዝ ሲለኝ ያ ሳቄ ራሱ ያንገበግበኛል።

ቱቦዋ እንደተገጠመች የመጀመሪያውን ብርጭቆ እሱ ጠጣ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ትን ያለው መሰለኝ። ኋላ «አሁን ገና ውኃ ሆነ! ጣፋጭ!» አለ። እኔም ቀመስኩ፤ ያው ነው። ግን እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ጣፋጭ ነው አልኩ። ልጃችን ቀመሰና አንዴ አባቱን አንዴ እኔን አየ፤ እሱም ጣፋጭ ነው አለ። ጠብታማ አላልኳችሁም ብሎ ሁለት ብርጭቆ ጨለጠ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ወንድምዎ ራሱ ተነስቶ ይቀዳል። ጎረቤትም ጣፋጭ ነው ይላል፤ በሰው ቤት ተቀምጦ ሌላ ምን ይበል? ቤቱ ሁሉ ውኃ አመስጋኝ ሆነ። ጨው መነስነሱ ግን አልቀረም።

ይቆዩ፣ በሩ ጮኸ።

ንፋስ ነው። ወረቀቱን ግን ፎጣው ሥር ሸጉጬው ነበር።

የት ደረስኩ? አዎ፣ የጠብታ ሥራ አመሉን አይለቅምና ቁም ሳጥኑ ሥር ረጠበ። ጠብታ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል ሲሉኝ ማጣሪያውን የሸጡልን ሰዎች ዘንድ ደወልኩ፤ አንዲት ወጣት ሴት ላኩልኝ። ማስቲካዋን እያኘከች በደረቷ ተኝታ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባች፤ ወዲያው ሳቋ ከውስጥ መጣ። «እናቴ፣ ይሄን የገጠመው ማነው?» አለችኝ። ስሙን ብነግራት ይባስ ሳቀች። ለካ ጠብታ ጠጠር ያለባትን ቱቦ ያሰራት ከዋናው ማጣሪያ በፊት ነው! ውኃው ከጠጠሩ ማዕድኑን ይቀበላል፤ ወዲያው ዋናው ማጣሪያ ዘንድ ይደርስና የተቀበለውን ሁሉ ይነጠቃል። «ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ነው እኮ እናቴ!» አለችኝ። ብዕር የምታክል መለኪያዋን ብርጭቆው ውስጥ ነክራ ቁጥሩን አሳየችኝ፤ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ታዲያ ቱቦዋ ከገባች ወዲህ ምንም የተለወጠ ነገር የለም ወይ ብላት፣ ምንም የለም፣ እስከ ዛሬ ባዶውን ነው ስትጠጡ የከረማችሁት አለችኝ።

ከልቤ ሳቅሁ። ሁላችንም፣ ጎረቤቱ ሳይቀር፣ ስናመሰግነው የከረምነው ውኃ! ሳቄን ሳልጨርስ ግን ወንድምዎ ዓይኑን ጨፍኖ የቆመው ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ። እኔስ እሱን ተከትዬ ነው ጣፋጭ ያልኩት። እሱ ማንን ተከትሎ ነው?

ልጅቷ ቱቦዋን ከዋናው ማጣሪያ በኋላ፣ ወደ መጠጫው ቧንቧ አጠገብ አዛወረቻት። መጀመሪያ የወረደው ውኃ የሩዝ እጣቢ ይመስላል፤ የጠጠሩ ብናኝ ነውና እስኪጠራ ድፉት አለች። ከጠራ በኋላ ቀመስኩት። እትዬ፣ ይሄኛውን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት። ምላስ ላይ ያርፋል፤ ከዓለት ሥር የመነጨ ይመስላል። ከመዛወሯ በፊት የቀዳሁት አንድ ጆግ ባዶ ውኃ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ቀርቷል።

እንግዲህ ክፉ ሴት አይበሉኝ። ወንድምዎ ለምሳ ሲመጣ ምንም አልተነፈስኩም። ከጆጉ ባዶውን ሰጠሁት፤ ጣፋጭ ነው አለ። ከአዲሱ ቀዳሁለት፤ ጣፋጭ ነው አለ። ለሦስተኛው ጀርባዬን አዙሬ ጨው ጨመርኩበት፤ ሕፃን ቢቀምሰው አገር የሚያስጨንቅበት ጨው። ግጥም አድርጎ ጠጣውና ብርጭቆውን መለሰልኝ። «ዛሬ ምን ነካሽ፣ ውኃ ልትነግጂ ነው እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁለት። ብርጭቆውን ላጥብ ብዬ ሄጄ ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ። ውኃው ይወርዳል፤ እኔ ቆሜያለሁ።

እሱ ጋደም ሲል ወደ ዳቦ ቤቱ ወረድኩ። የሐኪሜን ትእዛዝ ጣስኩና ከመደርደሪያው አንድ ዳቦ ቆረስኩ። ጉሮሮ የሚልጥ ጨው! በማግስቱ የጋገረውን ብቀምስ ደግሞ ጨው የሚባል የለበትም፤ ድርቆሽ ይሻላል። አቡኪውን በዘዴ ብጠይቀው፣ «ጌታዬ ምላስህን ላሠልጥንልህ እያለ ሊጡን እኔን ነው የሚያስቀምሰኝ፤ ጥሩ ነው ካልኩት ጥሩ ነው ይላል» አለኝ። እትዬ፣ አቡኪያችንን ያውቁታል፤ ሲጋራ ከአፉ አይጠፋም፣ ጥሩ ያልሆነ ነገርም በሕይወቱ ቀምሶ አያውቅም።

በመጨረሻ ስለ ሦስቱ ብርጭቆ ለወንድምዎ ነገርኩት። የመለሰልኝን አልጽፍም። ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ ሐኪሙ ያለውንም አልጽፍም። ለእርስዎ እንዳልነግር ወንድምዎ በልጃችን ስም አስምሎኛል። «እህቴ ከሰማች ወይ ትስቃለች ወይ ታዝንልኛለች። ብትስቅ እችለዋለሁ፤ ብታዝንልኝ ግን አልችለውም» አለኝ። ምያለሁና ምንም እንዳልነገርኩዎት ይቁጠሩት። ስለ ውኃ እንዳልጽፍ ግን ማንም አላስማለኝም።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርዎ። አንድ ገዢ ሰውዬ ሜትር ይዞ መጥቶ ዳቦ ቤቱን ሲለካ ዋለ። ምድጃውን አፍርሶ የስልክ መሸጫ ሊያደርገው ነው አሉ። ወንድምዎ ለጠየቀው ሁሉ ደከመኝ፣ በቃኝ ይላል። እንኳን ሊደክመው፣ ከጎህ በፊት ተነስቶ ሲጨርስ ዛሬም ያፏጫል! ወሩ ሲያልቅ ሊፈርም ነው፤ ድርሻዎ ስላለበት ለእርስዎም ወረቀት ይልክልዎታል። በቂም የሸጠው ይመስልዎትና በንዴት እንዳይፈርሙ ነው ፍርሃቴ። እኔ አውቅዎታለሁ፤ ሲናደዱ ብዕር ቶሎ ይገኝልዎታል። ስለ አባታችሁ ነፍስ ብለው አይፈርሙ። ይምጡ።

ልታረቅ መጣሁ አይበሉ፤ አስታራቂ የሚባል ሲሰማ በጓሮ በር ይወጣል። ውኃችሁ ጣፈጠ ሲሉ ሰምቼ ልቀምስ መጣሁ ይበሉ። ውኃ ሊጠጣ የመጣን ሰው ማን ይመልሳል? ከዚያ ወደ ታች ይውረዱና ሊጡ አጠገብ ይቁሙ። ሳይጠየቁ መናገር መቼም ተፈጥሮዎ ነው። ስንት ዓመት አንጀቴን ያቃጠሉኝ በዚሁ ነው፣ ይቅር ይበሉኝና፤ መጋረጃዬ ረዘመ፣ ፀጉሬ አጠረ፣ ልጄ ቀበጠ። አሁን ያንኑ አመልዎን ነው ተንበርክኬ የምለምንዎት። እሱ ቅመሺልኝ አይልም፤ ቢሞት አይልም። እርስዎ ቆንጠር አድርገው ይቅመሱና እንደ ዋዛ «ጨው ጨምር»፣ «ቀንስ» ይበሉት። ይቆጣል። ይቆጣ! እየተቆጣ እጁ ወደ ጨው ዕቃው ሲሄድ ያያሉ።

አደራ የምልዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ላለማስከፋት ብለው መጥፎውን ጥሩ ነው እንዳይሉት። ጣፋጭ ነው የምንለው በዝተንበታል።

ኮቴው ተሰማኝ፣ ይሄኛው ንፋስ አይደለም። መንገድዎን ያቅናልዎ፣ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ያንን ምላስዎንም ፈጣሪ እንደ ሳለው ያቆይልኝ።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ሚስት