ለአባዬ ብቻ የተጻፈው

ለታናሽ ወንድሜ ለማሙሽ፤

እንደምን ሰነብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ወንበር ላይ ተጣጥፈህ ነው የምትውለው? ባለቤትህ ደኅና ናት? ትንሿስ ጥርሷ ወጣላት? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም እንደ ምንም ትንቀሳቀሳለች። በወረቀት መጻፌ ገርሞህ ይሆናል። ስልኩን አላምነውም፤ እውነቱን ልንገርህና አንተንም አላምንህም።

እንደምታውቀው እኔ የምውልበት ክፍል መስኮት እንኳ የለውም። ጠረጴዛ ላይ ሌዘርና መስተዋት ደርድረን፣ እንጥፍጣፊ ብርሃን በፋይበር ገመድ እየላክን፣ ሁለት ሰዎች ምስጢራቸውን የሚቆልፉበትን ቁልፍ እንዴት እንደሚለዋወጡ እንፈትሻለን። እማዬ ይሄ ኳንተም ክሪፕቶግራፊ የምትይው ምንድን ነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ መሀል ገብቶ የሚሰልል ካለ ብርሃኑ ይረበሻል፣ እኛም እንነቃበትና ቁልፉን ጥለን ሌላ እንሠራለን አልኳት። ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ ብላ መረቀችኝ። አንተ መሀል ገብተህ ስታነብ ግን ማን ይንቃብህ?

ባለፈው ረቡዕ በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ አለቃህ በኢንተርኔት ስለ ጥናታችሁ ገለጻ አደረገ። ሐዘንተኞች በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጽፉትን ኮምፒውተር አንብቦ ሐዘናቸውን እንዴት እንደሚለካ ነው የሚያስረዳው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽሑፉን የሰበሰበው ብሎ ስምህን ሲያሳይ ደስ ብሎኝ፣ አጠገቤ ያለችውን ባልደረባዬን በክርኔ ጎሸም አድርጌ ወንድሜ እኮ ነው አልኳት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ለምሳሌ ብሎ አንድ ጽሑፍ አወጣ። የጓዳው በር ዛሬም ሲጮህ ዋለ፣ ዘይት የምቀባው ይመስልሃል? አልቀባውም፣ አንተ የገባህ እየመሰለኝ ነው ይላል። ከሥሩ በቀይ ቀለም፦ ሐዘን፣ መካከለኛ።

መካከለኛ? የእናቴን ሐዘን መካከለኛ ነው ያለው ማን ነው? ያንን በር እኔ በየቀኑ እከፍተዋለሁ። አንድ ቀን ዘይት ገዝቼ ብመጣ፣ ማን ንኪ አለሽ ብላ ቱግ አለችብኝ። እርጅና ነው ብዬ አልፌው ነበር። ምክንያቱን ለእኔ ለልጇ ያልነገረችኝን፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ከአለቃህ አፍ ሰማሁት።

እማዬ ማታ ማታ ወደ አባዬ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ መልእክት እንደምትልክ ሁላችንም እናውቃለን። ምን እንደምትጽፍ ግን አንድም ቀን ጠይቀናት አናውቅም። አባዬ ሲሞት የገጹን የይለፍ ቃል ለአንተ የሰጠንህ ባዕድ ገብቶ እንዳያበላሸው እንድትጠብቅልን ነው። እሱ ይያዘው ብዬ የተሟገትኩልህ ደግሞ እኔ ነኝ። አደራ በላ የሚባለው ሰው ከእኛ ቤት ይወጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ስደውልልህ ስሟን ሰርዘነዋል፣ ማን ያውቃታል አልከኝ። እኔ አወቅኋታ! ደግሞ ለሳይንስ ነው፣ አንቺም ተመራማሪ ስለሆንሽ ይገባሻል አልክ። አይገባኝም። እናትህን ፈቃድ መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል? ያቺ ሴት እኮ ለአንተ ስትሆን ዓይኗንም አትሰስትም። እንግዲያው አውጣው ብልህ፣ ለሌሎች ተመራማሪዎች ተሠራጭቷል፣ ከእጃችን ወጥቷል አልክ። እሺ፣ ቢያንስ አንተው ንገራት አልኩህ። ቅዳሜ ደወልክላት። ስለ ብርዱና ስለ ልጅህ ጥርስ ስታወራ ቆይተህ ቻው ብለህ ዘጋህ። አጠገቧ ተቀምጬ እየሰማሁህ ነበር።

እኔው ነገርኳት። መጀመሪያ ልትከላከልልህ ሞከረች፤ አባቱ ናፍቆት ነው ያነበበው አለች። ለሥራው ነው አልኳት። ከአባታችሁ ጋር ስለተኳረፍንበት ጊዜ የጻፍኩትንም አይቶታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መዋሸት አልሆነልኝም፤ ሁሉንም አልኳት። ስልኩን አጠፋችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ ከእራት በኋላ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ የልቧን የምትነግረው አጥታ። ባሏን ሞት ወሰደባት፤ ከእሱ ጋር የምታወራበትን ደግሞ አንተ ወሰድክባት። አዝኜብሃለሁ፣ ማሙሽ። አንጀቴ ቆስሏል።

የይለፍ ቃሉን በፖስታ ላክልኝና አንተ ከዚያ ገጽ ውጣ። አለቃህንም ያንን ጽሑፍ ዳግመኛ ለሰው እንዳያሳይ ለምነው። ይህን ያህል ከአንተ አይጠፋም።

ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ፤ እሷ እንደማታውቅ ልቤ ያምናል። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። ልጆቼ አጎታችን መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ይጠይቃሉ፤ የነገርኳቸው ነገር የለም። አክስታችን ሰምታ ብትቆጣም ሰላም በይው ብላለች። እማዬን ደግሞ ካንቺ ምን ብዬ ልጻፍለት አልኳት። ምንም አትጻፊ፣ እስከ ዛሬ ያነበበው ይበቃዋል አለችኝ።

እህትህ

ከእናትህ ቤት፣ ኅዳር 14 ቀን