ቀበቶ ያሰረው ሾፌር ቦታውን ለቀቀ?

ግንቦት 4
ሙቀቱ አናት ይበሳል። ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎቹ በደብተር ሲያራግቡ ዋሉ። ቤት ስገባ አብዱልሃዲ እንደተውኩት ተኝቷል። የሚነዳው አይሱዙ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ከተገለበጠበት ወዲህ እንዲሁ ነው። ሐኪሙ እግሩ ድኗል፣ ይራመድ ብሏል። ባሌ ግን ከበር አይወጣም... ስለ አደጋውም ትንፍሽ አይል።

የማስተርስ ጥናቴን ሐሳብ ደብረ ብርሃን ሄጄ የማቀርበው በዚህ ወር ነው። እንዴት ትቼው እሄዳለሁ? ይቅርብኝ ይሆን?

ግንቦት 6
ጮክ ብዬ ሳነብ ሰማኝ።
"ስለ ምንድን ነው?"
የጥንት ግሪኮች ስለ እንቅስቃሴ ያሉትን ነው አልኩት። አንዱ፣ የተወረወረ ቀስት በእያንዳንዷ ቅጽበት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ አይንቀሳቀስም ብሎ ነበር።
"እሱን ቀስት ወግቶት አያውቅማ!"
ሳቀ። ወላሂ ሳቀ! ከሳቀ ስንት ጊዜው...

ግንቦት 7
ዛሬ ራሱ ጠየቀኝ። የሌላውን ግሪክ ሐሳብ ነገርኩት። የአንድ ነገር ቦታ ማለት ዙሪያውን የከበበው ነገር የውስጥ ጠርዝ ነው፤ የውሃ ቦታው የእንስራው ውስጥ ነው።
ከአልጋው ቀና አለ። ከዚያ...
"ቀበቶ አስሬ ነበር። መኪናው ሲንከባለል ከወንበሬ አልተነሳሁም። ታዲያ ቦታዬን አልለቀቅኩም ማለት ነው?"
የጥናቴ ጥያቄ እኮ ነው! ጋቢናው ከምን አንጻር ተንቀሳቀሰ? ከመንገዱ? መንገዱስ? ከሁሉም በስተጀርባ ፈጽሞ የማይነቃነቅ ቦታ አለ?
ይህን አላልኩትም። እጁን ያዝኩት። ፍሬኑ እንዴት እምቢ እንዳለው፣ ሰማይና መሬቱ እንዴት እንደተደባለቀበት፣ ሁሉንም ነገረኝ። አለቀሰ። እኔም።

ግንቦት 8
በክራንች ሄዶ ጁምዓ ሰገደ። አልሃምዱሊላህ።

ግንቦት 15
ደብረ ብርሃን። ብርድ! "ሂጂ፣ እህቴ ዓሊያ አለችልኝ" ብሎ የላከኝ አብዱልሃዲ ራሱ ነው።
የሚሰሙኝ መምህራን ሲያፋጥጡኝ "ቀበቶ ያሰረ ሾፌር እንውሰድ" አልኩ። ባሌን አስፈቅጄዋለሁ። ከጋቢናው አንጻር ቆሟል፣ ከቁልቁለቱ አንጻር ተንቀሳቅሷል። የእንስራው ግሪክ ይህ ስለገባው የማይንቀሳቀስ ጠርዝ ፈለገ። ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡት ሊቃውንት ደግሞ ምንም ባይከበው እንኳ ራሱን ችሎ የቆመ ህዋ አለ አሉ። ማን ልክ ነው?
ተቀበሉኝ! ስደውልለት ስልኩ ውስጥ እልል ያለችው ዓሊያ ናት።

ግንቦት 25
ጠዋት አብዱልሃዲ የጎረቤታችንን የሰዲቅን ባጃጅ ተውሶ ትምህርት ቤት አደረሰኝ። ቀስ ብሎ። መታጠፊያው ላይ መሪውን ጨምድዶ ፍሬኑን ደጋግሞ ሞከረ። ስወርድ ላቡን ጠረገና፦
"ስንት ሰዓት መጥቼ ልውሰድሽ?"