ወንድሜ የበየዳት የሬሳ ጋሪ

ለክቡር የአውራጃው አስተዳዳሪ
የሰኞ አቤቱታ መቀበያ
ታሚል ናዱ

ቀን፦ ሰኞ፣ ጁላይ 8 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ የወንድሜ የሳቫሪሙቱ አስከሬን ከእኔ በቀር ለማንም እንዳይሰጥና ራሱ በበየዳት ጋሪ ሄዶ እንዲቀበር ስለመጠየቅ

ጋሼ ሳቫሪ፣ ዛሬም እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነህ። አስከሬንህን አንረከብም ያልኩት እኔ ነኝ፤ የሰፈራችን ሰው ሁሉ አብሮኝ ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀምጧል። ብርድ እንደማትወድ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሰኝ። ይህን ለአስተዳዳሪው ሰጥቼ ወደ አንተ እመለሳለሁ።

ክቡር አስተዳዳሪ፣ ከላይ ያለው ለወንድሜ ነው። ከዚህ በታች ያለው ለእርስዎ ነው።

1. ስሜ ዴቫሰሃያም ይባላል። የማናልኩዲ መንግሥት ትምህርት ቤት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እናትና አባታችን ሞተዋል። ያሳደገኝ ወንድሜ ነው፤ ሥራው ብየዳ ነበር። የምንኖረው በታች ሰፈር ነው፤ ዘራቸው ዝቅተኛ ነው የሚባሉ ሰዎች የሚኖሩበት ማለት ነው። እኛም፣ ዘራቸው ከፍ ያለ ነው የሚባሉት ላይ ሰፈሮችም ካቶሊኮች ነን። ቄሳችን አንድ፣ መጠመቂያችን አንድ ነው፤ ውኃው ግን የእነሱ ልጆች ተጠምቀው ካበቁ በኋላ ነው ለእኛ የሚደርሰው። መካነ መቃብሩም አንድ ነው፤ መሃሉ ላይ ግንብ አለ። ከግንቡ ወዲያ ያሉት ሙታን ከእኛ ሙታን ምን እንደሚጋባባቸው የሚያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

2. ቤተ ክርስቲያኑ አንድ የሬሳ ጋሪ አለው። የብረት ነው፤ ባለ አራት ጎማ፣ ጣሪያው ላይ ሁለት መላእክት ያሉበት። የሚጭነው የላይ ሰፈርን ሬሳ ብቻ ነው። እኛ የእኛን በትከሻ እንሸከማለን። ባለፈው ዐቢይ ጾም ጋሪው ተሰበረ። የሰበካው ጉባኤ ሰብሳቢ አቶ ፔሪያናያጋም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰፈራችን በእግራቸው መጡ። ወንድሜን፣ «ሳቫሪ ልጄ፣ እጅህ እኮ የተባረከ ነው፤ ለእግዚአብሔር ቤት ብለህ ሥራልን» አሉት። ሠራላቸው። ዋጋ አልጠየቀም። የአንዱን መልአክ የተሰበረ ክንፍ ሳይቀር ቀጠለው። ያን ቀን እጁ አላረከሰም።

3. እሑድ፣ ጁን 30 ቀን፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሉርዱ አማል ዐረፉ። ልጆቻቸው ለሥራ ወደ ጎረቤት ክፍለ ሀገር ወደ ኬረላ ሄደዋል፤ ሰፈራችን ውስጥ የቀረው ሽማግሌና ሕፃን ስለነበር ሬሳ የሚሸከም ጠፋ። ወንድሜ ሄዶ የጋሪውን ቁልፍ ከቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ለመነ። ጠባቂውም ሰው ነውና ሰጠው። እሱ እየጎተተ እኔ ከኋላ እየገፋሁ፣ በዋናው መንገድ አልፈን ቀበርናቸው። ጋሪዋን አጥበን መለስን። ወንጀላችን ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ አልተገኘብንም።

4. የማናልኩዲ ካቶሊኮችና የሂንዱ ቤተ መቅደሱ ኮሚቴ በድምፅ ማጉያ ጉዳይ ተጣልተው ሁለት ዓመት ሙሉ አልታረቁም። በየበዓሉ መሃላቸው ፖሊስ ይቆማል፤ ባለፈው ዓመትም ድንጋይ ተወራውረው ሱቅ ተቃጥሏል። እርስዎም ሊያስታርቋቸው ሁለት ጊዜ እንደደከሙ ሰምቻለሁ። ባይደክሙ ይሻል ነበር። ጋሪዋን በመለስንበት ዕለት ምሽት ሁለቱም ወገኖች አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ ተስማሙ። ዛሬ የቤተ ክርስቲያኑን ጋሪ የነካ ነገ የቤተ መቅደሱን ሠረገላ ይነካል ተባባሉ። ሃይማኖት ያልቻለውን ዕርቅ ወንድሜ በአንድ ቀን አወረደላቸው።

5. ከዚያ ወደ ቤታችን መጡ። እኔን ሁለት ሰዎች ያዙኝ። አቶ ፔሪያናያጋም በሩ ላይ ቆመው፣ «በይድ አልንህ እንጂ ጫን አልንህ?» አሉት።

ወንድሜ እንደ ልማዱ ፈገግ አለ። «ጋሪዋ ምንም አላለችም፣ ጌታዬ» አላቸው።

መጀመሪያ የመታው የእሳቸው ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም መታ። ስማቸውን አውቃለሁ፤ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ወንድሜ ሐሙስ ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ ሞተ።

6. እሱ በሞትና በሕይወት መካከል ሳለ እነሱ ጋሪዋን ረክሳለች ብለው ያነጹ ነበር። እሑድ እሑድ ጣዖት አምላኪ የሚሉትን የቤተ መቅደሱን አገልጋይ ራሳቸው ሄደው ጠሩና በላም ሽንትና እርድ በተበጠበጠበት ውኃ አስረጯት። መላእክቱንም ጭምር። የኛ ቄስ ይህን ሲሰሙ ነገሩ እስኪበርድ እንጠብቅ አሉ። እየጠበቁ ነው።

7. ፖሊስ ጣቢያው ወንድሜ ከሞተር ብስክሌት ላይ ወድቆ እንደሞተ መዝግቧል። ወንድሜ ሞተር ብስክሌት አልነበረውም። ጣቢያው ከሞተ በኋላ አንድ ሰጥቶታል።

8. ቅዳሜ ዕለት የእርስዎ የበታች ሹም የሰላም ስብሰባ ጠሩን። ላይ ሰፈሮች ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እኛ ሰሌን ላይ። ሹሙ ሁለቱም ወገን ይታገሥ አሉ። አንዱ ወገን የገደለ፣ ሌላው ወገን የሞተ መሆኑን ለማስረዳት ብሞክር፣ «አንተ ልጅ ነህ፣ ዝም በል» ተባልኩ። ልጅ ስለሆንኩም አስከሬኑን ፈርሜ መረከብ አልችልም ተባለ። በእኔ ፋንታ አቶ ፔሪያናያጋም ፈርመው ተረክበው በጸጥታ እንዲያስቀብሩት ሐሳብ ቀረበ። እሳቸውም ትከሻዬን ይዘው፣ «አይዞህ ልጄ፣ እኔ እንደ አባትህ ነኝ» አሉኝ። እኚህ ሰው ጋሪ ሲሰበርባቸው ወንድሜን ወለዱት፤ ሬሳ የሚደብቁበት ሲያጡ ደግሞ እኔን። ሌላ ጊዜ ልጆቻቸው አይደለንም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቀው ይህን ነው። የወንድሜ አስከሬን ለእኔ ብቻ ይሰጥ። አሟሟቱ ግድያ ተብሎ፣ በእኛ ዓይነት ሰዎች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት በሚከለክለው ሕግ ይመዝገብ። ከሆስፒታሉ ሲወጣም ራሱ በበየዳት ጋሪ፣ በዋናው መንገድ፣ በመካነ መቃብሩ ትልቁ በር ይግባ፤ ለዚያም ቀን ጥበቃ ይመደብልን። ይህ እስኪሆን አንረከብም። የመቃብሩን ግንብ በተመለከተ ሌላ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ዛሬ እርስዎን ማስቸገር አልፈልግም።

የጽሕፈት ቤትዎ ጸሐፊ ወንድሜ ከእኔ ሌላ የቅርብ ዘመድ እንደሌለው እንዳስረዳ ስላዘዙኝ የዓርብን ጠዋት እገልጻለሁ። ከሆስፒታል ስመለስ ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። እሳት አነደድኩ፤ ሩዝ ቀቀልኩና ግማሹን በላሁ። ዩኒፎርሜን ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ሌላ የምሄድበት ስላልነበረኝ ነው። መምህሩ ወደ ቤትህ ሂድ አሉኝ። ቤት ማንም የለም አልኳቸው፤ ተዉኝ። ተሰልፈን ተማሪ ሁሉ በየጠዋቱ ለአገሩ የሚገባውን ቃል ኪዳን ማለት ጀመርን። ከፊቴም ከኋላዬም የነበሩት ልጆች እጃቸው ላይ የየዘራቸው ቀለም ያለው ክር አስረዋል፤ ከአጠገቤ የቆመው የአቶ ፔሪያናያጋም የልጅ ልጅ ነው። የአገሩ ሰው ሁሉ ወንድሜ ነው የሚለው ጋ ስንደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለው። እኔ ዝም አልኩ። እስኪያልፍ ጠበቅሁና የቀረውን ከሁሉም ጋር ጨረስኩ።

ለመሥሪያ ቤትዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ዴቫሰሃያም
የሟች ሳቫሪሙቱ ወንድም
ማናልኩዲ፣ ታች ሰፈር